እንሶስላው እስኪለቅ

ከጉለሌ ብቻዬን ከተመለስኩ ወዲህ ጎባ ውስጥ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ታዬ፣ የሺን የት ጥለሃት መጣህ?» አንዳንዱ ይህን ሲጠይቅ ከልቡ አዝኖ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ተጣልተን እንደሆነ ለማወቅ ቸኩሎ ነው። ለእያንዳንዱ ቆሜ ሳስረዳ ፎቶ ቤቴ ተዘግቶ ይውላል፤ ስለዚህ ጉዞውን ከመነሻው ጀምሬ ጽፌው ልገላገል። አዲስ አበባን ያያችሁ ብዙ ናችሁ፤ ጉለሌ ድረስ ግን፣ ያውም የቆዳ ሐኪም ፍለጋ፣ የወጣ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሺ ባለቤቴ መሆኗን የማያውቅ ካለ ይወቅ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት የነበራት፣ ሹፌሮች ከሮቤ ድረስ ለሻይዋ ብለው የሚመጡላት ሴት ናት። ከጥቂት ዓመት በፊት በከንፈሯ ጥግ ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ ወጣችባት። ምች ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ታሸች። የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው ተባለ፣ ደግሞ ሌላ ቅጠል ተቀባች። ነጥቧ ግን ሰፍታ ወደ አገጯ ወረደች፣ ቀጥሎ ዓይኗ ዙሪያ፣ ቀጥሎ ጣቶቿ ላይ ወጣች። ስሙን አፍ አውጥቶ የጠራው አልነበረም፤ ሁሉም ግን በልቡ ለምጽ ብሎ ጨርሷል።

የጎባ ሰው ጨዋ ነው። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገራትም። ብቻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻይ አላሰኘው አለ። «ዛሬስ ከቤት ጠጥቼ ነው የወጣሁት፣ የሺዬ» እያለ፣ ፈገግ እያለ ያልፋል። ሻይ ቤቱ ተዘጋ። የሺም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ መከናነብ ጀመረች፤ መጀመሪያ ውጭ፣ ከዚያ እንግዳ ሲመጣ፣ በመጨረሻ እኔ ፊትም። ልጆቻችን በየፊናቸው ሄደዋል፣ ቤቱ የሁለታችን ነው። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ ሚስቴ ናፈቀችኝ። 

ሰኞ

ለመሄድ በተነሳንበት ዋዜማ የሺ የእንሶስላ ሥር አስወቅጣ እጆቿን እስከ አንጓዋ ድረስ ቀብታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ አደረች። ጠዋት ሲፈታ ነጩ ሁሉ ጠፍቶ እጇ የሙሽራ እጅ ሆኗል። «ሐኪም ፊት ዝንጉርጉር ሆኜ አልቀርብም» አለች። እኛ አገር ሐኪም ዘንድ የሚኬደው እንደ ሠርግ ቤት ተሰናድቶ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ገላ ይታጠባል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ቅባት ይቀባል፣ የክት ልብስ ይለበሳል። እኔም ፎቶ አንሺ ነኝና ቀለሙ እንዴት እንደተመሳሰለ በባለሙያ ዓይን አይቼ «ግሩም ነው» አልኩ።

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ዲንሾ ላይ ጭጋጉ ገና ሣሩ ላይ ተኝቷል፤ የደጋ አጋዘኖቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩንና ግጦሻቸውን ቀጠሉ። ከአዳባ እስከ ዶዶላ ሜዳው ሁሉ ስንዴ ነው፣ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ይጠብቃል። የእኛን አገር ስንዴ ያየ ሰው የሌላ አገር ስንዴ አያስደንቀውም ብዬ ለየሺ ነገርኳት። «ገና ከአገራችን መች ወጣንና» አለችኝ። የጽጌን ጾም ይዛ ስለነበር በቆጂ ላይ ሽሮ በላን፤ ሽሮው ውኃ የበዛበት፣ ሚጥሚጣው ግን የማይረሳ ነበር።

ሳጉሬ ስንደርስ ጎማ ተበሳ። ጎሚስታው ምሳ ሄዷል ተባለና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጥላ ፍለጋ ተበተነ። የሺ አልወረደችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። እንደ እሷ ሳይወርዱ አጠገቧ የቀሩ አንዲት የአሰላ ሴት እጆቿን አይተው «ምነው እህቴ፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ?» አሏት። የሺ በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። ፊቷን ባላይም ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ያን ሳቅ ከሰማሁ ምን ያህል እንደቆየሁም ያኔ ታወቀኝ። ጎሚስታው ምሳውን በልቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ ምንም ሳይቸኩል መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህበት ነበር።

አዲስ አበባ ስንገባ መሽቷል። ከቃሊቲ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ ወደ ቁስቋም ዳገቱን በእግራችን። ሻንጣውን ተሸክሜ ሳለከልክ «የባሌ ልጅ ዳገት ያደክመዋል?» እያለች የሺ ትቀልድብኛለች። የሚቀበሉን የጎረቤታችን አክስት እትዬ ጽጌ ናቸው። ከዚያ በፊት አይተናቸው አናውቅም፤ በስልክ «ቤቴ ጠባብ ነው፣ ግን ኑ» ብለው ነበር። ቤታቸው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፣ ግቢውን ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር ይካፈሉታል። እግራችሁን በሙቅ ውኃ ካልታጠባችሁ ብለው ተሟገቱን፣ ከዚያ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልን እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። የባሕር ዛፉ ሽታና ብርዱ ልክ የእኛ አገር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጎባ ያለሁ መሰለኝ።

ማክሰኞ

የቆዳ ክሊኒኩ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ነው። ተራ መጠበቂያው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ደብቋል። ብጉር የወረሰው ወጣት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዷል። አንዲት እናት ራሱ ላይ ጭርት የወጣበትን ሕፃን በሻሽ ጠቅልላ ይዛለች። ከሱቅ የገዛችው ክሬም ማዲያቷን ይባስ ያጠቆረባት ሴት ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ችፌ ያለባቸው ሽማግሌ በዚያ የታፈነ ክፍል ሙቀት ጓንት አጥልቀዋል። ፎቶ ቤቴም እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ ከመነሳቱ በፊት የሚሸፍነው ነገር አለው። የሺ ዙሪያዋን አየችና ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ትንሽ ዝቅ አደረገች።

ሐኪሟ ዶክተር ሩት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ትንሽ ትቸኩላለች፣ ግን ስታዳምጥ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። የሺን ጨለማ ክፍል አስገብታ ሐምራዊ ብርሃን የሚያወጣ መብራት ፊቷ ላይ አበራች። በቀን ብርሃን ድንበሩ በደንብ የማይለየው ንጣት በዚያ መብራት እንደ ኖራ ቦግ አለ። ቀጥላ «እስቲ እጅዎን» አለች። መብራቱን ብታዞረው ብታዞረው የሚታይ ነገር የለም።

«እጅዎን ምን ቀቡት?»

«እንሶስላ ነው፣ ዶክተር።»

«ለምን?»

የሺ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ግድግዳው። «እ... ማለቴ፣ እንዳያስጠላዎት ብዬ ነው» አለች።

ዶክተሯ መብራቱን አጠፋች። ከዚያ የክፍሉን መጋረጃ ከፍታ ወንበሯን ሳበችና ከየሺ ጉልበት ጋር ጉልበቷን አጋጥማ ተቀመጠች። «እማማ፣ ይሄ ለምጽ ነው። ስሙን ስለው አይደንግጡ። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ትንንሽ ሕዋሳት አሉ፤ ሰውነትዎ ባዕድ መስለውት እየገደላቸው ነው። ከሰው አልያዘዎትም፣ ለሰውም አይተላለፍም።»

«በአንድ ብርጭቆም?» አለች የሺ።

«በአንድ ብርጭቆም፣ በአንድ ማንኪያም፣ በአንድ አልጋም።»

አልጋ ሲባል የሺ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ድሮም ፈርቼ አላውቅም፤ የምትሸሸው እሷ ነበረች። አሁን ግን ከሐኪም አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆነ።

መድኃኒቱ ለፊቷ ቅባት፣ ለመላው ንጣት ደግሞ የብርሃን ሕክምና ነው ተባለ። ነገር ግን ቀለም ባለበት ቆዳ ላይ ብርሃኑ በደንብ አይገባም፣ ንጣቱም የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ካልታየ መሻሉን መለካት አይቻልም። «እንሶስላው እስኪለቅ ይጠብቁና ይመለሱ» አለች ዶክተሯ። የሺ ችግሩ ቀላል መሰላት፤ «ዛሬውኑ በድንጋይ ፈትጌ አወጣዋለሁ» አለች። ዶክተሯ እጇን ያዘቻት። «እንዳይፈትጉት! ፍትጊያው ራሱ አዲስ ንጣት ያወጣል። በራሱ ጊዜ ይልቀቅ።»

ያን ያህል አገር አቋርጠን መጥተን፣ ሥራችን ቀለም እስኪለቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሆነ። ስንወጣ «ግሩም ነው ያልከው አንተ ነህ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ

እትዬ ጽጌ ታሪኩን ሲሰሙ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውኃ በሳፋ እያቀረቡ የሺን እጇን ያስነክሯት ጀመር። «ይልቀቅ አይልቀቅ እኔ ምን ቸገረኝ፣ እንግዳ ቤቴ እንዲቆይልኝ ነው የምፈልገው» ይላሉ። ለብቻቸው ነው የሚኖሩት፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ሽሮ ሜዳ አጠገብ ለሸማኔዎች ሻይና ዳቦ የሚሸጡባት ጠባብ ክፍል አለቻቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሐሙስ ዕለት መነሳት ሲያቅታቸው የሺ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች።

እኔ እግረ መንገዴን ስለ ከተማውም ልጽፍ አስቤ ነበር። እንጦጦ ማርያም ወጥቼ፣ የንጉሡን ቤት አይቼ፣ ፎቶ አንስቼ ላሳያችሁ ነበር። ወጥቻለሁም፤ ደጁን ተሳልሜ፣ ከተማውን ከላይ አይቼ ወርጃለሁ። ሰፊ ነው። ግን ከዚያ ይልቅ የያዘኝ የእትዬ ጽጌ ጠባብ ሻይ ቤት ነው። ሸማኔዎቹ ከሽመና ዕቃቸው ላይ ተነስተው፣ ጥጥ ፀጉራቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እየተጋፉ ይገባሉ። ጎባ ሰው ሻይ ቤት ሲገባ ጤና ይስጥልኝ ብሎ፣ የቤተሰብ ደኅንነት ጠይቆ፣ ወንበሩን ጠርጎ ነው የሚቀመጠው። እነዚህ ከበር ሆነው «አንድ ሻይ፣ ቶሎ!» ነው።

ዓርብ ዕለት እንሶስላው ከጣቶቿ መሐል መልቀቅ ጀምሮ ነበር። ነጩ በቀዩ ውስጥ ብቅ ብቅ ብሎ እጇ ከበፊቱ የባሰ መስሏል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የእያንዳንዱን ጠጪ ዓይን እከተላለሁ። አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሸማኔ ብርጭቆውን ከእጇ ሲቀበል ትክ ብሎ አየና ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ «እህት፣ እጅሽን ምን ነካው?» አላት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በእኛ አገር ጠላትም አይጠይቅም። የሺ ግን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ለምጽ ነው» አለች።

«እንዴ! ያማል?»

«አያምም።»

«ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም አለች ሐኪሟ።»

«በቃ እንግዲያው ስኳር ጨምሪልኝ» አለና ጀርባውን ሰጥቶን ከጓደኛው ጋር ስለ ክር መወደድ ማውራቱን ቀጠለ።

ያ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልሆነም። የሺ ስኳር ጨመረችለት፣ ሌላው ደግሞ «ለእኔም» አለ። ማታ ወደ ቁስቋም ስንወጣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ፊቷን አየሁት፣ ነጩንም ጥቁሩንም፣ እንደ ልቤ። መንገድ ላይ መሆናችንን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ያስገትርሃል?» አለችኝ። ምንም አልኩ።

ቅዳሜ

የቁስቋም ማርያም በዓል ነው፣ የጽጌ ጾምም የሚፈታበት ቀን። ሠፈሩ ከንጋት ጀምሮ በነጭ ልብስ ተሞላ። ታቦቱ ሲወጣ የሺ ከሕዝቡ መሐል ገብታ እልል ስትል ከሩቅ አያታለሁ። ጎባ ላይ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ፣ ከሁሉ ኋላ፣ ከዛፍ ሥር ነበር የምትቆመው። ሰው ተገፋፍቶ ትከሻዋን ሲነካት እንኳ ዞር አትልም።

እትዬ ጽጌ ዶሮ ሠርተው ግቢውን ሁሉ ጠሩ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ያን ያህል ሰው እንዴት እንደገባ አሁንም አይገባኝም። እኔ በሩ ላይ፣ ግማሽ ጎኔ ውጭ፣ አንድ ልጅ ጉልበቴ ላይ ተቀምጦብኝ በላሁ። እትዬ ጽጌ ከእያንዳንዱ ጋር ሲያጎርሱና ሲጎርሱ ቆይተው የሺ ላይ ዓይናቸው አረፈ።

«ሁሉም አጉርሶኛል፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ።»

የሺ እጇን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች። «እትዬ፣ እጄን እያዩት።»

«አየሁት። ታጥበሽዋል አይደል?»

«ታጥቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!»

አፋቸውን ከፍተው ጠበቋት። የሺ ጠቀለለች፣ አጎረሰቻቸው። እሳቸው አኝከው ጨርሰው «ትንሽ ናት፣ ድገሚኝ» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ደገመች። ከዚያች እጅ ከጎረስኩ ዘመን አልፎኛል። ዓይኔ ሲያነባ አይተው ምን ሆንክ ሲሉኝ በርበሬው ነው አልኳቸው። ልጁም ከጉልበቴ ላይ ቀና ብሎ «አያቃጥልም እኮ» አለና አጋለጠኝ።

ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ታዬ፣ እዚህ አገር ሰው ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ፣ ያልቃል» አለች። «እዚያ ማንም አይጠይቀኝም።» ደስ ብሎኛል፣ ደግሞም ፈርቻለሁ። ያቺን ሴት ነበር የናፈቅኩት፣ ያገኘኋት ግን ከቤቴ ርቃ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ

እንሶስላው ከጥፍሯ በስተቀር ለቀቀ። ተመልሰን ስንሄድ ዶክተር ሩት እጆቿን በመብራቱ እያገላበጠች አይታ «አሁን ተዋወቅን» አለቻት። ባለፈው ማክሰኞ የሰጠችው የደም ናሙና ውጤትም ደኅና ነው ተባለ፤ ይህ በሽታ አንዳንዴ ከእንቅርት ዕጢ ችግር ጋር አብሮ ስለሚመጣ ነበር የተመረመረችው። ከዚያ ለማነጻጸሪያ ፎቶ ይነሳ ተባለና ነርሷ በስልኳ ማንሳት ጀመረች። መስኮቱን ከጀርባ አድርጋ! ቻልኩ ቻልኩና አልቻልኩም። «እህቴ፣ እንደዚህ ከተነሳ ጥላው ቀለሙን ይለውጠዋል» ብዬ ተነሳሁ። ነርሷ በትህትና ስልኩን ሰጠችኝ።

የሺን መስኮቱ ፊት አስቀመጥኳት። እኔ ሰው በማንሳት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሚስቴ ግን ነጥቧ ከወጣች ወዲህ አንድ ጊዜም ፎቶ እንዳነሳት ፈቅዳ አታውቅም። ፊቷን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት፤ እጆቿን ከላይ፣ ከሥር። ምንም ሳላሳምር፣ ምንም ሳላጠፋ አነሳሁ። ሥራ ነው ብዬ ራሴን አጠንክሬ ነው የጨረስኩት። በኋላ «አምሬ ወጣሁ?» አለችኝ። አምረሻል አልኳት። ባለሙያም ባልም ሆኜ ነው ያልኩት።

የብርሃኑ መሣሪያ ቁም ሳጥን ይመስላል፤ ውስጡ ዙሪያውን ረጃጅም አምፖል ነው። የሺ ጥቁር መነጽር አድርጋ ገባች፣ ሳጥኑ ሰማያዊ ሆኖ በራ፣ ገና ጸሎቴን ሳልጀምር ጠፋ። «ይኸው ነው?» አልኩ። ይኸው ነው፤ ጊዜው በትንሽ በትንሹ ይረዝማል፣ በየሳምንቱ ሁለቴ፣ ለብዙ ወራት።

ለብዙ ወራት ሲባል ወራቱን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጥናት እየሠራች መሆኗን ነገረችን፤ የምታጠናው የብርሃን ሕክምና ጀምረው የሚያቋርጡ ሰዎች ለምን እንደሚያቋርጡ ነው። «ከሩቅ የሚመጡት ናቸው የሚበዙት» አለች። «ቀለሙ መመለስ ሲጀምር አገራቸው ይናፍቃቸውና ይሄዳሉ። ያኔ ገና ያልጠናው መልሶ ይጠፋል። እማማ፣ እርስዎንም በጥናቱ ላስገባዎት ፈቃድዎ ነው? ስምዎ አይጻፍም።»

«ገብቻለሁ» አለች የሺ። «ግን ካቋረጡት ጋር እንዳይጽፉኝ።»

እኔን አላየችኝም። ውሳኔውን የሰማሁት እንደዚያ ነው። እትዬ ጽጌ ለካ አስቀድመው «ሕክምናሽን እስክትጨርሺ እኔ ጋ ነሽ፣ ለሻይ ቤቱም ሰው ያስፈልገኛል» ብለዋት ኖሯል። አልተቃወምኩም። ምን ብዬ ልቃወም? ፎቶ ቤቱን ዘግቼ እኔም እንዳልቀር የትምህርት ቤቱ ልጆች ፎቶ እየጠበቀኝ ነበር።

ዓርብ

ቃሊቲ ድረስ ሸኘችኝ። እትዬ ጽጌ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ቋጥረውልኛል፣ ለጉልበታቸው ደግሞ የባሌ ማር እንድልክላቸው አደራ ብለዋል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል የሺ በመስኮት እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች። ሰው ሁሉ እያየ ነው። አልለቀቀችኝም፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እስኪጮህባት ድረስ አልለቀቀችኝም። ከዚያ አዳማ ድረስ ምን እንዳየሁ አትጠይቁኝ። የስንዴው ሜዳ ታጭዶ ባዶውን ነበር። ሳጉሬ ላይ ጎማ እንኳ አልተበሳም፤ ቢበሳ ደስ ባለኝ፣ ለምን እንደሆነ ባላውቅም።

ቤት ስገባ የነጠላዋ ሽታ አለ፣ እሷ የለችም። በፊትም ቢሆን እያለች አልነበረችም፤ አሁን ግን ልዩነቱን አውቄዋለሁና ባሰብኝ። ሻይ ማፍላት ሞከርኩ። ቅርንፉዱ በዝቶ አፌን አደነዘዘኝ። እዚያ ሸማኔዎች በጩኸት እያዘዙ የሚስቴን ሻይ ይጠጣሉ፤ እኔ እዚህ የራሴን አረቄ መሳይ ነገር እውጣለሁ። ቀናሁባቸው። አልዋሽም።

ይኸው ወራት አለፉ። በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ትናንት ስትደውል ግን ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። ዓይኗ ዙሪያና አገጯ ላይ ጤፍ እንደተበተነ ጥቁር ነጥቦች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ ዶክተሯም እየጨመሩ ሄደው ይገናኛሉ ብላ ደስ ብሏታል። ጣቶቿ ግን እንደነበሩ ናቸው። ጣትና ከንፈር አስቸጋሪ ነው፣ ላይመለሱ ይችላሉ ተብላለች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተሰበረም፣ የተሰበረው የእኔ ነው።

«መቼ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«ሕክምናው ሲያልቅ መምጣት እችላለሁ።»

«እችላለሁ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ታዬ፣ በእነዚህ ጣቶች ነው የምመጣው። እንሶስላ አልቀባም፣ ነጠላ ውስጥም ተመልሼ አልገባም። ሻይ ቤቴን ነው የምከፍተው። የሚጠጣ ሰው ካለ እመጣለሁ።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«አንተማ ባሌ ነህ፣ አትቆጠርም» አለች። «ሌላ ማን አለ?»

ስም ልጠራላት አፌን ከፈትኩ። የሁላችሁም ፊት መጣልኝ፣ የእያንዳንዳችሁ። ጨዋዎች ናችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ሠርጋችሁንም ክርስትናችሁንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ግን ይሄ ሰው በእርግጥ ከእጇ ተቀብሎ ይጠጣል ብዬ ልምልለት የምችለው አንድ ስም አላገኘሁም። የሺ በስልኩ ወዲያ ማዶ እየጠበቀች ነው።

«ጠይቄ ልደውልልሽ» አልኳት።

ይኸው እየጠየቅኳችሁ ነው።